ሞጁሉ መቼ ይጫን? በሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ሌዚ ኢምፖርትና አማራጮቹ

በፓይተን ቋንቋ ላይ የተመሠረተውን የሒሳብ ሶፍትዌር ሴጅማዝን (ባጭሩ ሴጅን) ከፍቶ ሁለትና ሁለትን የደመረ ሰው መልሱን በቅጽበት ያገኛል። ከዚያ በፊት ግን ፕሮግራሙ እስኪነሣ ድረስ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቋል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ስለ ኤሊፕቲክ ከርቭ፣ ስለ ግራፍ፣ ስለ ኮምቢናቶሪክስና ስለ ሌሎች ዘርፎች የተጻፉ ከሺህ በላይ ሞጁሎች፣ ማለትም የኮድ ፋይሎች፣ ወደ ሜሞሪ ገብተዋል፤ አብዛኞቹንም ተጠቃሚው በዚያ ቀን አይነካቸውም። በዊልያም ስታይን መሪነት በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር ሁሉንም ስም በአንድ የትእዛዝ መስመር ላይ የማቅረብ ልማድ አለው፤ ለተማሪውም ሆነ ለተመራማሪው ምቹ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ምቾቱን ሳያጡ የሚጠበቀውን ጊዜ ለመቀነስ የተዘጋጀው ዘዴ በፕሮግራመሮች ዘንድ ሌዚ ኢምፖርት ይባላል፤ ስሙ ወዲያው ይታያል፣ ሞጁሉ ግን ስሙ በእርግጥ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ አይጫንም።

ይህ መመሪያ በፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ ለሚጽፍ ሰው ነው። ጭነትን ለማዘግየት ከአንድ በላይ መንገድ አለ፤ መንገዶቹ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ጠባያቸው የተለያየ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በፍጥነታቸው ብቻ አነጻጽሮ ነው። በእኔ ግምት ግን ከፍጥነት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ስሙን ይዞ የተቀመጠው ነገር እውነተኛው ነው ወይስ እስኪጫን በቦታው የቆመ ወኪሉ፣ ወኪሉስ በማን ፋይል ውስጥ ተቀምጧል የሚለው ነው።

ኢምፖርት የሚሠራው ምንድን ነው?

ፓይተን አንድን ሞጁል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ፋይሉን ይፈልጋል፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያስኬዳል፣ ውጤቱንም ሲስ-ሞጁልስ በተባለው መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል። ያው ሞጁል ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ መዝገቡን ከማየት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ስለዚህ ጭነትን የሚያዘገይ ሰው ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያዘገያል። አንደኛው የጊዜው ወጪ ነው፤ የተፈለገውም እሱ ነው። ሁለተኛው ስህተት ነው፤ የሞጁሉ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም ፓኬጁ ባይኖር፣ ችግሩ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲነሣ መሆኑ ይቀርና ሥራው መሀል ላይ ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ ሞጁሉ ሲጫን በጎን የሚያከናውነው ሥራ ነው። በሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ይህ የጎን ሥራ ከሌላው ዓይነት ፕሮግራም ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሞጁሎች ሲጫኑ ራሳቸውን በሌላ ቦታ ያስመዘግባሉ። ለምሳሌ በሲምፓይ ውስጥ የሁለት ስብስቦችን መገናኛ እንደ ዓይነታቸው የሚያሰሉት ፋንክሽኖች የሚመዘገቡት የያዟቸው ፋይሎች ሲጫኑ ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል ያለ ጥንቃቄ ያዘገየ ሰው የስህተት መልእክት ላያይ ይችላል፤ የሚያየው ሳይሰላ እንዳለ የተመለሰ ጥያቄ ይሆናል። ከግልጽ ስህተት ይልቅ የሚያስቸግረውም ይኸኛው ነው።

በፋይሉ ራስ ላይ የሚደረገው ተራ ኢምፖርት

ስለዚህኛው ብዙ የሚባል የለም። ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው፣ ስህተት በመጀመሪያው ሰከንድ ይወጣል፣ ፋይሉን የሚያነብ ሰው ጥገኝነቶቹን ከላይ በአንድ እይታ ያገኛቸዋል። ጉድለቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከላይ የተነገረው ጊዜ ሲሆን ሌላው ክብ ጥገኝነት ነው። የፖሊኖሚያል ሞጁል የማትሪክስን፣ የማትሪክሱም የፖሊኖሚያልን ሲፈልግ፣ ሁለቱም በፋይሉ ራስ ላይ እርስ በርስ ቢጠራሩ አንዱ ሌላውን ግማሹ ብቻ ተጭኖ ያገኘዋል። በሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለ መጠራራት የንድፍ ጉድለት ሊባል አይችልም፤ የማትሪክስ ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያል አለ፣ የፖሊኖሚያልም ኮምፓኒየን ማትሪክስ አለ፤ ሒሳቡ ራሱ ክብ ነው።

በፋንክሽን ውስጥ የሚደረግ ኢምፖርት

ቀላሉ የማዘግየት መንገድ ኢምፖርቱን ከፋይሉ ራስ አንሥቶ በሚያስፈልገው ፋንክሽን ውስጥ ማስገባት ነው። ፋንክሽኑ እስኪጠራ ድረስ ምንም አይጫንም፤ ሲጠራ ደግሞ የሚመጣው እውነተኛው ነገር ነው እንጂ ወኪል አይደለም። ክብ ጥገኝነትንም ይፈታል። የአጻጻፍ ደንብ የሚያከብሩ ሰዎች ይህን መንገድ አይወዱትም፤ እኔ ግን ጥርጣሬ ሲገባኝ መጀመሪያ የምይዘው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ከአማራጮቹ ሁሉ የሚያስደንቅ ጠባይ የሌለው እሱ ነው።

ወጪው በየጥሪው የሚደገም መሆኑ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ሞጁሉ አስቀድሞ ተጭኖ ቢሆንም ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር መዝገቡ ይታያል፣ ስሙም ከሞጁሉ ውስጥ ይወጣል። ይህ በተለመደ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ ማይክሮሰከንድ ብዙ የማይርቅ ጊዜ ነው፤ ኢንቴግራል የሚያሰላ ወይም ግራፍ የሚስል ፋንክሽን አያስተውለውም። የሁለት ትንንሽ ኢንቲጀሮች ድምር ግን በአሥር በሚቆጠሩ ናኖሰከንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው። ኢምፖርቱ እንዲህ ባለ ፋንክሽን ውስጥ ከገባ አጃቢው ከሙሽራው በልጦ ይገኛል፤ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ያህል ይሆናል። የኤለመንቶችን ስሌት፣ የኮኤርሽን (ኤለመንትን ከአንድ መዋቅር ወደ ሌላ የመቀየር) ፍለጋንና ማንኛውንም ውስጣዊ ዙር የሚነካ ኮድ ከዚህ መንገድ መራቅ አለበት።

የሴጅ ሌዚ ኢምፖርት

ሮበርት ብራድሾው ለሴጅ የጻፈው ሌዚ-ኢምፖርት ሐሳቡ ቀላል ነው። የሞጁሉን ስምና ከውስጡ የሚፈለገውን ስም ይቀበላል፣ በዚያ ስም ቦታ ላይም ሌዚኢምፖርት የተባለ ክላስ ወኪል ያስቀምጣል። ወኪሉ ሲጠራ፣ አትሪቡቱ ሲጠየቅ፣ ሲደመር ወይም ሲወዳደር ሞጁሉን ይጭናል፣ እውነተኛውን ነገር ያወጣል፣ ጥያቄውንም ለእሱ ያስተላልፋል። በዚህም ሳያበቃ ራሱ የተቀመጠበትን የስም ማኅደር ፈልጎ በቦታው ላይ ባለቤቱን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር፣ ይተካል። ከዚያ በኋላ ያ ስም ወኪል እንደነበረው ምንም ምልክት አይቀርም፤ ወጪውም የአንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከፋንክሽን ውስጥ ኢምፖርት የሚበልጠው በዚህ ነው።

ተጨማሪ አገልግሎቶችም አሉት። የተወሰነ ፓኬጅ ካልተጫነ የማይሠራ ስም ሲሆን ፊቸር የተባለውን አማራጭ ቢሰጡት፣ ተጠቃሚው በባዶ የኢምፖርት ስህተት ፋንታ የጎደለውን የሚነግር መልእክት ያገኛል። ዲፕሪኬሽን የተባለው አማራጭ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ስም ሲነካ ብቻ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሴጅ በመነሣት ላይ ሳለ አንድ ወኪል ከተነካም ፕሮግራሙ ዝም አይልም፤ የማዘግየቱ ጥቅም ስለጠፋ የትኛው ስም በመነሻ ላይ እንደተጫነ ይናገራል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ አት-ስታርትአፕ የሚለውን አማራጭ እውነት ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ያ አማራጭ ተጽፎ ስሙ በመነሻ ላይ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ አማራጩ ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል መልእክት ይመጣል። ለጀማሪ የሚያሰለች ቢመስልም፣ እንደኔ እንደኔ የዚህ ዘዴ ምርጡ ክፍል ይህ ቁጥጥር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንግባ። ወኪል የባለቤቱን ጉዳይ ይፈጽማል እንጂ ባለቤቱን አይሆንም። ፓይተን ውስጥ ደግሞ ወኪሉን ምንም ሳይጠይቁ ማንነቱን የሚመረምሩ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ኢዝ የተባለው ማነጻጸሪያ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድና ያው መሆናቸውን ሲያይ የማንንም ሜተድ አይጠራም፤ ስለዚህ ወኪሉ ለመንቃት ዕድል አያገኝም። ይህ በተራ ፕሮግራም ውስጥ ብዙም አይጎዳም። በሴጅ ግን ፓረንት የሚባሉት የሒሳብ መዋቅሮች፣ ለምሳሌ የኢንቲጀሮች ሪንግ፣ በአብዛኛው በሜሞሪ ውስጥ አንድ ብቻ ሆነው እንዲኖሩ ስለተደረጉ፣ በኢዝ ማነጻጸር የተፈቀደና የተለመደ አሠራር ነው።

ለራሴ የጻፍሁት አንድ ትንሽ ፋይል በዚህ ጉዳይ ሁለት ምሽት ወስዶብኛል። በፋይሉ ራስ ላይ የኢንቲጀሮችን ሪንግ፣ ዜድዜድን፣ በሌዚ-ኢምፖርት አስገብቼ ነበር። ከታች ያለው ፋንክሽን አንድ ሪንግ ይቀበልና የተሰጠው ሪንግ ዜድዜድ ራሱ ከሆነ ፈጣኑን መንገድ፣ ካልሆነ አጠቃላዩን መንገድ ይከተላል፤ ጥያቄው የተጻፈው በኢዝ ነው። አዲስ በተከፈተ ፕሮግራም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠራው ተጠቃሚው የሰጠው እውነተኛው ዜድዜድ ነበር፣ በፋይሌ ውስጥ ያለው ግን ገና ወኪል ነበር፤ ስለዚህ መልሱ አይደለም ሆኖ ፋንክሽኑ አጠቃላዩን መንገድ ተከተለ። በአጠቃላዩ መንገድ ውስጥ አንድ ቁጥር ወደ ዜድዜድ የሚቀየርበት መስመር ነበረ፤ ያ መስመር ወኪሉን ቀሰቀሰው፣ ወኪሉም በባለቤቱ ተተካ። ሁለተኛው ጥሪ ፈጣኑን መንገድ ሄደ። ውጤቱ በሁለቱም ጊዜ ትክክል ነበር፤ የመጀመሪያው ብቻ ቀርፋፋ ሆነ። እኔም ቀርፋፋነቱን የጭነት ጊዜ ነው ብዬ አለፍሁት። ፈጣኑ መንገድ የአንድ መልስ አጻጻፍ በመጠኑ የሚለይበት ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ቴስቱ ለብቻው ሲሮጥ ይወድቅ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ያልፍ ጀመር። ስህተቱን ለማየት በሞከርሁ ቁጥር ይጠፋብኝ ነበር፤ ምክንያቱም ምን እንዳለበት ለማየት ወኪሉን በስክሪኑ ላይ ማሳተሜ ራሱ ወኪሉን ይቀሰቅሰው ነበር። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነበር፤ ሌዚ-ኢምፖርቱን ትቼ በፋንክሽኑ ውስጥ ተራ ኢምፖርት አደረግሁ።

ታይፕ የተባለው ፋንክሽንም እንዲሁ ነው፤ ያልተተካን ወኪል ዓይነት ሲጠየቅ የሚመልሰው ሌዚኢምፖርት የሚለውን ነው። በሳይተን፣ ወደ ሲ ቋንቋ በሚቀየረው የፓይተን ዘመድ፣ የተጻፈ ፋንክሽን ዓይነቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ሲጠብቅ ወኪል ቢሰጠው አይቀበልም፤ እዚያ ያለው ምርመራ የሚካሄደው በሲ ደረጃ ስለሆነ ውክልና አያውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኤክሴፕት ነው። ስህተትን ለመያዝ የሚጻፈው የኤክሴፕሽን ክላስ ወኪል ከሆነ፣ ስህተት እስካልተፈጠረ ድረስ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ስህተቱ የተፈጠረ ዕለት ግን ፓይተን ይህ የኤክሴፕሽን ክላስ አይደለም ብሎ ሌላ ስህተት ይጨምራል። ለሌላ ክላስ ወላጅ የሚሆን ክላስና በዲኮሬተርነት የሚያገለግል ፋንክሽንም ፋይሉ ሲነበብ ወዲያው ስለሚፈለጉ ማዘግየቱ ትርጉም የለውም፤ በተራ ኢምፖርት ይምጡ።

አንድ ቀሪ ወጥመድ አለ፤ ይህም ወኪልን ከፋይል ወደ ፋይል ማስተላለፍ ነው። ሀ የተባለው ፋይል በወኪል የያዘውን ስም ለ የተባለው ፋይል በተራ ኢምፖርት ከሀ ቢወስደው፣ በለ ውስጥ የሚቀመጠው ያው ወኪል ነው። ወኪሉ ሲነቃ ባለቤቱን የሚተካው በሀ ማኅደር ውስጥ ነው፤ የተመዘገበው እዚያ ነውና። በለ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ወኪል ሆኖ ይኖራል፤ እያንዳንዱ ጥሪ በእሱ በኩል ያልፋል፣ የኢዝ ጥያቄም ምንጊዜም አይደለም የሚል መልስ ያገኛል። ስለዚህ የላይብረሪ ኮድ ስሞችን ኦል ከተባሉት ሰብሳቢ ፋይሎች መውሰድ የለበትም፤ ስሙ በእርግጥ ከተጻፈበት ሞጁል መውሰድ አለበት። ሴጅ ውስጥ ኢምፖርት-ስቴትመንትስ የተባለውን ፋንክሽን የስሙን ፊደላት ሰጥተው ቢጠይቁት ትክክለኛውን የኢምፖርት መስመር ጽፎ ይሰጥዎታል።

በፓኬጅ ደረጃ ማዘግየት

ፓይተን ከ3.7 ጀምሮ፣ በፔፕ 562 (ፔፕ የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ የሚቀርብበት ሰነድ ነው) መሠረት፣ አንድ ሞጁል የሌለውን ስም ሲጠየቅ የሚጠራ ጌትአትር የተባለ ፋንክሽን እንዲኖረው ይፈቅዳል። የሳይንሳዊ ስሌት ላይብረሪው ሳይፓይ ይህን የሚጠቀመው ንዑስ ሞጁሎቹን ለማቅረብ ነው፤ ተጠቃሚው ሳይፓይን ብቻ ኢምፖርት አድርጎ ኦፕቲማይዝ የሚለውን ስም ሲጠራ ያ ክፍል በዚያች ቅጽበት ይጫናል። የምስል ማቀናበሪያው ላይብረሪ ሳይኪት-ኢሜጅ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን ሌዚ-ሎደር የተባለ ፓኬጅ ይጠቀማል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ወኪል የሌለበት መሆኑ ነው። ስሙ ከመጠየቁ በፊት በቦታው ምንም የለም፤ ከተጠየቀ በኋላ ያለው እውነተኛው ነው። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርሁት የማንነት ችግር አይነሣም። ገደቡ ግን ጠባብ ነው፤ ጌትአትር የሚያገለግለው ከውጭ፣ በነጥብ ለሚጠይቅ ብቻ ነው። በዚያው ፋይል ውስጥ የተጻፈ ኮድ ስሙን በቀጥታ ቢጠራው የሚያገኘው ስሙ የለም የሚል ስህተት ነው። እንግዲህ ይህ ለፓኬጁ በር እንጂ ለውስጥ ክፍሎቹ የሚሆን አይደለም። ጌትአትርን በእጁ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ያስታውስ። ያገኘውን ፋንክሽን በሞጁሉ ማኅደር ውስጥ ካላስቀመጠው ፍለጋው በየጊዜው ይደገማል። ፋንክሽኑና የሚገኝበት ፋይል አንድ ስም ካላቸው ደግሞ ፓይተን ፋይሉን ሲጭን በፓኬጁ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይሉን ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ፋንክሽን ጠይቆ ሞጁል ሊሰጠው ይችላል። ሌዚ-ሎደር ለዚህ መላ አለው። በተጨማሪም ኢገር-ኢምፖርት የተባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ሲበራ ሁሉንም ወዲያው ይጭናል፤ ይህም በቴስት ጊዜ የተሳሳቱ ስሞችን ለማጥመድ የታሰበ ነው።

ከቋንቋው የሚመጣው

በፓይተን ሁሉም ኢምፖርት በአንድ ማብሪያ የሚዘገይበትን ሐሳብ ያቀረበው ፔፕ 690 በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ውድቅ ተደርጓል። በ2025 ተቀባይነት ያገኘው ፔፕ 810 ግን ውሳኔውን ለእያንዳንዱ መስመር ጸሐፊ ይተወዋል፤ ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ከኢምፖርት ቃል በፊት ሌዚ የሚል ቃል መጻፍ ይቻላል። ከሴጁ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ዋናው ልዩነት ወኪሉን የሚያውቀው አስፈጻሚው ራሱ መሆኑ ነው፤ ስሙ በተነበበ ቅጽበት ይተካል፣ ስለዚህ በኢዝ መጠየቅም ስሙን ማንበብ ነውና እውነተኛው ይመጣል። ጭነቱ ሲከሽፍ የሚወጣው መልእክት ስሙ የተጠራበትንም ኢምፖርቱ የተጻፈበትንም መስመር ያሳያል። በፋንክሽን፣ በክላስና በትራይ ውስጥ መጻፍ ግን አይፈቀድም፤ በኮከብ የሚደረግ ጅምላ ኢምፖርትም እንዲሁ። የቆዩ የፓይተን ሥሪቶችን የሚደግፍ ላይብረሪ ቃሉን መጻፍ ባይችልም፣ ሌዚ-ሞጁልስ በተባለው ዝርዝር ስሞቹን ካሰፈረ አዲሱ ሥሪት ያዘገያቸዋል፣ የቆየው ዝርዝሩን አይቶ ያልፋል።

ከፓይተን ውጭ ያሉት የሒሳብ ሥርዓቶችም ይህን ጉዳይ ያውቁታል። ማክሲማ ሴትአፕ-አውቶሎድ፣ ማቴማቲካ ደግሞ ዲክሌር-ፓኬጅ የሚሉ ትእዛዞች አሏቸው። ማቴማቲካ ውስጥ ሳይታወጅ ቀድሞ የተጠራ ስም በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ ባዶ ምልክት ሆኖ ይፈጠራል፤ ፓኬጁ በኋላ ሲጫን ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ይኖሩና አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ ከማንነት ጥያቄ አይወጣም።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ፋይሉ ሲነበብ ወዲያው የሚፈለግ ነገር፣ ማለትም ወላጅ ክላስ ወይም ዲኮሬተር፣ እንዲሁም የኤክሴፕሽን ክላስ ወይም በኢዝ የሚነጻጸር ፓረንት ከሆነ፣ ተራ ኢምፖርት ይሁን፤ ክብ ጥገኝነት ከከለከለ ፓረንቱ ወደ ፋንክሽን ውስጥ ይግባ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠራ ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ ሥዕል መሳል ወይም ውጫዊ ፕሮግራም መጥራት፣ በፋንክሽን ውስጥ ኢምፖርት በቂ ነው። የሴጅን ሌዚ-ኢምፖርት ለተጠቃሚው የትእዛዝ መስመር ለሚቀርቡ ስሞችና ያለ ተጨማሪ ፓኬጅ ለማይሠሩ ፋንክሽኖች አስቀምጡት፤ እዚያ ተወዳዳሪ የለውም። ራሱን የቻለ ላይብረሪ የሚያሳትም ሰው ግን ለዚህ ብሎ በሴጅ ላይ ጥገኛ ከመሆን በፓኬጁ በር ላይ ጌትአትርን ቢጠቀም ይሻለዋል። ሲጫን ሌላ ቦታ ራሱን የሚያስመዘግብ ሞጁል ደግሞ ምዝገባው በትንሽ ፋይል ተለይቶ ወዲያው ይጫን፣ ከባዱ ስሌት ብቻ ይዘግይ።

ከመምረጥ በፊት መለካት ያስፈልጋል። ፓይተንን ኤክስ በሚለው አማራጭ ኢምፖርትታይም ብለው ቢያስነሡት፣ እያንዳንዱ ሞጁል ለብቻውና ከሚጎትታቸው ጋር የወሰደውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ይዘረዝራል። እኔ ባየኋቸው ፕሮጀክቶች ጊዜውን የሚበሉት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሞጁሎች ናቸው፤ እነሱን ብቻ ማዘግየት በየፋይሉ ወኪል ከመበተን ይሻላል። ካዘገዩ በኋላም እያንዳንዱን ቴስት አዲስ በተከፈተ ፕሮሰስ ውስጥ ለብቻው አንድ ጊዜ ያሂዱት፤ አንዱ ቴስት ለሌላው ወኪሉን እየቀሰቀሰለት የሚያልፍ ከሆነ የሚታወቀው በዚያ ብቻ ነው።